የተቋረጠ ክፍያ

ባንኩ ረውዳ አብዱሰመድን የዱቤ ካርድ የከለከላት ሰኞ ጠዋት ነው። ክልከላውን የነገራት ሰው አይደለም፤ የአብዲ ፈጢራ ቤት ጠረጴዛ ነው። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ጠረጴዛዎች ብዙ ይናገሩ ነበር። ስኳር ስትደግም ይገስጹሃል፣ ፀሐይዋ ሳትከር ቤትህ እንድትገባ ያሳስቡሃል፣ ከባንክ መልእክት ከመጣም ሻይህን ሳትጨርስ ያነቡልሃል።

«ደንበኛችን ረውዳ አብዱሰመድ» አለ ጠረጴዛው፣ ለቤቱ ሁሉ በሚበቃ ድምፅ። «የዱቤ ካርድ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያት፦ ተደጋጋሚ የተቋረጠ ክፍያ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

የጎረስነው ፈጢራ በአፋችን ቀረ።

ረውዳ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናት። ከዚራ ሰፈር ቀትር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኛ ሰው ካለ፣ እሷ ጣሪያው ላይ ወጥታ ስለሠራችለት ነው የሚተኛው። ከሰው ተበድራ ያላመለሰችው ነገር የለም። ጎረቤት ያዋሳትን መሰላል እንኳ ቀለም ቀብታ ነው የምትመልሰው። ስለዚህ «የተቋረጠ ክፍያ» የሚለውን ስንሰማ፣ ጠረጴዛው ከሌላ ሰው ጋር አምታቷታል አልን። ደግመን ጠየቅነው። ደግሞ ያንኑ አለ፤ መልካም ቀንም ደግሞ ተመኘ።

ካርዱን የፈለገችው ለቅንጦት አይደለም። ልጇ ሃናን ጅቡቲ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ወሯም ገብቷል። ቪዛ የሚባለው ነገር ቀርቶ የባቡሩ በር የሚከፈተው በዱቤ ለሚታመን ሰው ብቻ ከሆነ ቆይቷል። ምክንያቱን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ቤት ያለው ሰው ቤቱን ጥሎ ሊጠፋ ይችላል፣ ቤተሰብ ያለውም ቤተሰቡን ሊያስከትል ይችላል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ግን ይመለሳል። እንዲህ ተብሎ ተጠንቷል። ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ ዕዳ ሊኖርበት ስለማይችል፣ ይመለሳል ብሎ የሚያምነው የለም።

«በግድግዳ ታዪያት የለ እንዴ?» አላት ይገረም። እውነት ነው፣ ሃናን ማታ ማታ በረውዳ ሳሎን ግድግዳ ላይ በሙሉ ቁመቷ ትቆማለች፤ ሆዷ ከሶፋው በላይ ወጥቶ ይታያል።

«አራስ በግድግዳ አትታረስም» አለች ረውዳ። «ገንፎውን በግድግዳ ላጉርሳት?»

ይገረም የጣውላ ነጋዴ ነው፤ የዚሁ ባንክ፣ የምንጭ ባንክ፣ ወርቃማ ደንበኛም ነው። እሱ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ወርቅ መስሎ ይበራል፣ ትንሽ ዜማም ያሰማል። ሌላም የሚታወቅበት ነገር አለ። ሂሳብ ሊመጣ ሲል እጁን ሊታጠብ ይነሳል። በድሬ እንደ ይገረም ንጹሕ እጅ ያለው ሰው የለም።

«ዱቤ ማለት ባሕርይ ነው» አለን ያን ቀን፣ ከመታጠቢያው ሲመለስ። «ሚዛን ባሕርይ ነው የሚያየው።»

ሚዛን የምንለው የባንኩን መዛኝ ነው። ማን እንደሠራው አናውቅም። ስሙ ሲጠራ ግን ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል።

እኔ መርዕድ እባላለሁ፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ካርታው ላይ ያሉት አገሮች ሁሉ በዱቤ ስለሚከፈቱ፣ ያስተማርኩት ግማሹ ውሸት ሆኗል። ያም ሆኖ አንድ ነገር አውቃለሁ። እምቢ ያለ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ይላካል። እምቢ ያለው ባንክ ከሆነስ? ባንክም ቢሆን በር አለው። አብዲን ከምጣዱ ላይ አስነሳሁት። ይገረምንም፣ ወርቁ አፍ ያስከፍትልን ይሆናል ብዬ ጨመርኩት። ነጭ በነጭ ለብሰን ሄድን።

የባንኩ አዳራሽ ውስጥ ሰው አልነበረም። ወንበሮች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከኋላችን እየተንሸራተቱ መጥተው ጉልበታችን ሥር ቆሙ።

«እባክዎ ይቀመጡ» አለ ሚዛን።

«አንቀመጥም» አለ አብዲ። «ጉዳያችን ሳይሰማ የምን መቀመጥ ነው?»

«እባክዎ ይቀመጡ።»

ይገረም ሊቀመጥ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ሄደው እንደገና መጡ። ዝቅ አሉ፣ ከፍ አሉ፣ አንዱ ትራስ አበጀ። እኛ ቆምን። ኋላ እንደተረዳነው፣ በዚያ ባንክ ሕግ ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ ማለት ቤቱ ላይ እሳት እንደተነሳ የሚቆጠር ነው። መቆማችን ሲበዛ ጣሪያው ቀላ፣ አንድ ደወልም ጮኸ። ከጓሮ በኩል አንዲት ወጣት ሴት ባንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጋ እየሮጠች ወጣች።

«ሰው አለ?» አለች። ያለችው እሷ ናት እንጂ እኛ አይደለንም።

ቤዛዊት ትባላለች። በየቅርንጫፉ አንድ ሰው ይኑር የሚል ደንብ ስላለ ብቻ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ናት። ከተመደበች ጀምሮ ማንም ጠርቷት አያውቅም።

«ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ? እርስዎ ነዎት የጠሩኝ?» አለችው አብዲን።

አብዲ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «እርስዎ የምትዪው ማንን ነው? ሌላ ሰው ተከትሎኛል እንዴ?» ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ አንቱ ያሉት ሰው ተቀየሙኝ ብሎ ያስባል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና የመጣበትን ተናገረ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ልጃችን ረውዳ ከእናንተ ካርድ ጠይቃ ከልክላችኋታል። በደል ካለባት ንገሩንና እንካስ። ከሌለባት ስጧት። ልጇ ልትወልድ ነው።»

ቤዛዊት ግድግዳውን ነካ አደረገችው። የረውዳ መዳፍ ታየ። ብቻውን፣ ያለ ሰው። ሂሳብ የሚከፈለው መዳፍ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የእሷ ግን ያርፍና ይነሳል። እንደገና ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። አንዴ በዝግታ፣ አንዴ እንደተቃጠለ ሰው በድንገት። ሚዛን የሚያየው መዳፍ ብቻ ነው፤ ባለመዳፉን አያይም። ከሥሩ ያለውን ፍርድ ቤዛዊት አነበበችልን። «ደንበኛዋ ክፍያ ይጀምራሉ። ዋጋውን ሲያዩ እጃቸውን ያነሳሉ። የመክፈል አቅም የላቸውም።»

መጀመሪያ የሳቀው አብዲ ነው። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሳቀ፤ መቀመጥ አይችልማ። እኔም ተከተልኩት።

«ይቺን ያነሳኋት እኔ ነኝ!» አልኩ ወደ ግድግዳው እየጠቆምኩ። «ይቺ ደግሞ የሃናን ማርገዝ የተሰማ ቀን! እጇን በሁለት እጄ ነው የጎተትኩት። ከከፈልሽ እስከ ወዲያኛው አላናግርሽም ብያታለሁ!»

«ምኑን ነው የሚያነሱት?» አለች ቤዛዊት ግራ ገብቷት።

«እጇን እሷ አላነሳችም፤ እኛ ነን ያነሳንባት።»

«ለምን?»

ተያየን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀን አናውቅም።

«ልንከፍል ነዋ!» አለ አብዲ።

ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አየችን። በእሷ ከተማ ጠረጴዛው ራሱ ማን ምን እንደጎረሰ ቆጥሮ ሂሳቡን ለየሰዉ ያካፍላል፤ ማንም ማንንም አይጋብዝም፣ ማንም አይጣላም። ያ ማካፈል ድሬም መጥቶ ነበር። ሰዉ ጠረጴዛውን ተቀይሞ መሬት ላይ ተቀምጦ መብላት ስለጀመረ ቀረ። ቤዛዊት ይህን ሁሉ ስንነግራት እንደ ተረት ሰማችን። «አያቴ እንዲህ ታደርግ ነበር ይባላል» አለች ቆይታ።

ሚዛንን በቃል መሻር እንደማትችል ነገረችን። ያላት ሥልጣን አንድ ነው። ራሷ ቦታው ድረስ ሄዳ፣ ረውዳ አንድ ክፍያ ጀምራ ስትጨርስ በዓይኗ ማየት። «አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ግን ማንም እጃቸውን እንዳይነካ።»

«ይሄማ ምን አላት» አለ ይገረም፣ ከባንኩ እየወጣን።

አብዲ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አቦ፣ ይሄ ከባድ ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እጃችንን ኪስ ከተን አብዲ ቤት መጣን። እኔ ለጥንቃቄ ሁለቱንም ሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ረውዳ የበዓል ሽርጧን ለብሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች። ሃናን ማታ ወገቤን አመመኝ ብላታለች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ቤዛዊት ዛሬ ሁለቱንም ጫማ አድርጋ መጣች። ፈጢራ ከእንቁላል ጋር፣ ፈጢራ ከማር ጋር፣ ሻይ ለሁሉም ታዘዘ። ልጅቷ መጀመሪያ በሹካ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይቶ ማር ከአውራ ጣቷ ላይ ስትልስ አየኋት።

«ሂሳብ!» አለች ረውዳ፣ እንደ ወታደር። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ማንም አልነካትም።

«ተከፍሏል» አለ ጠረጴዛው።

«በማን?!»

ጥግ ላይ የተቀመጠ የባጃጅ ሰው እጁን አወጣ። «ለአያትነትሽ ነው፣ ረውዳ! ማርያም ትቅረባት!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ከተማው በሙሉ ረውዳ ልጇን ልታርስ ልትሄድ እንደሆነ ሰምቷል፤ ለምን ቁርስ እንደምትከፍል ግን ማንም አልሰማም። ረውዳ ሌላ ዙር ሻይ አዘዘች። መዳፏን አሳረፈች። «ተከፍሏል።» አሁን ደግሞ በመስኮቱ በኩል የምታልፍ አንዲት ሽቶ ሻጭ ናት፤ ከውጭ ግድግዳውን ነክታ፣ በጣቷ ሳም አድርጋላት ሄደች። ሦስተኛ ዙር። ጠረጴዛው «ሂሳብ የለም» አለ። ሁላችንም ወደ አብዲ ዞርን።

«ምን አደረግኩ?» አለ አብዲ፣ ከምጣዱ ኋላ። «የአራስ እናት በእኔ ቤት ትከፍላለች እንዴ?»

«አብዲ! አንተ ራስህ ሽማግሌ ሆነህ ሄደህ የለ?» አልኩት።

«ረስቼው ነው፣ ወላሂ! እጄ ነው!»

ረውዳ መዳፏን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ፊቷን ሸፈነችበት። ስታለቅስ አይተናት አናውቅም። ባሏን ስትቀብር እንኳ ለቅሶኛውን ታጽናና ነበር። «በደግነታችሁ ልትገድሉኝ ነው» አለች። «ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው። እጇን የሚይዛት እንኳ የላትም። አንድ ሻይ፣ አንድ ሻይ ብቻ አትተዉልኝም?»

የባጃጁ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እኔም አፈርኩ፤ የተቀመጥኩባቸው እጆቼ ደንዝዘው ነበር። ይገረም እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

በዚህ መሃል ቤዛዊት የምታደርገው ጠፋት። ለመመርመር መጥታ እስክትጠግብ በልታለች፤ ያበላቻት ሴት ፊት ለፊቷ ታለቅሳለች። የልጅቷ ፊት ቀላ። የገዛ እጇን እንደማታውቀው ሰው ቀስ ብላ አነሳችውና ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

«ቢያንስ ይሄኛውን እኔ ልክ—»

ቃሏን አልጨረሰችም። ረውዳ፣ እንባዋ ከጉንጯ ሳይደርቅ፣ ተወርውራ የልጅቷን እጅ ከጠረጴዛው ላይ ነቀለችው። «ወላሂ አታደርጊውም! እንግዳዬ ነሽ!» የራሷን መዳፍ ልታሳርፍ ስትል እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጎተትኳት። የባጃጁ ሰው ከጥጉ ዘሎ ደረሰ። አብዲ ሊጥ በሊጥ በሆነ እጁ ገባ። እጅ በእጅ ላይ ተነባበረ፣ አንድ ብርጭቆ ወደቀ፣ በሁሉም እናት በየተራ ተማለ። ሲረጋጋ፣ ከሥር የተገኘው የእኔ መዳፍ ነው።

«ተቀብያለሁ» አለ ጠረጴዛው። ከዚያም በዚያው በለዘበ ድምፁ ቀጠለ። «ደንበኛችን ቤዛዊት፦ የተቋረጠ ክፍያ። የመክፈል አቅምዎ አጠራጣሪ ነው። ካርድዎ ለጊዜው ታግዷል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ቤዛዊት እጇ አየር ላይ እንደቀረ ጠረጴዛውን አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። አሳሳቋ ልማድ የሌለው ሰው አሳሳቅ ነው፤ ይቆምና እንደገና ይነሳል።

«እኔ? አቅም የለኝም? ደሞዜን የሚከፍለኝ እሱ ራሱ እኮ ነው! ትናንት ነው የከፈለኝ!» እንባዋን ጠረገችና ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። «ሚዛን፣ እጄን ማን ነው ያነሳው?»

«መረጃ የለም።»

«ሻዩ ግን ተከፍሏል?»

«ተከፍሏል። ወዲያውኑ። በሌላ መዳፍ።»

«እሺ። ረውዳ ያቋረጡት ሁሉስ? እነሱስ ተከፍለዋል?»

ሚዛን ዝም አለ። ሚዛን ዝም ብሎ አያውቅም። የምጣዱ ጢስ እንኳ ቀጥ ብሎ የቆመ መሰለኝ።

«ሁሉም ተከፍለዋል» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ወዲያውኑ፣ በሌላ መዳፍ። ሌሎች ደንበኞች ያቋረጧቸው ክፍያዎች ደግሞ በረውዳ አብዱሰመድ መዳፍ ተከፍለዋል። በከተማው በሙሉ እንደዚሁ ነው። ያልተከፈለ ሂሳብ አልተገኘም።» ከዚያም በሕይወታችን ሰምተነው የማናውቀውን ነገር አደረገ፤ ጠየቀ። «ይህ ምንድን ነው?»

ቤዛዊት ወደ እኛ አየች። እኔ ስለ ባህል፣ ስለ ድሬ፣ ስለ ሰው ልጅ አንድ ረዘም ያለ ነገር ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ረውዳ ቀደመችኝ።

«ቁርስ ነዋ!» አለች።

ጠረጴዛው አሰበበት። «ደንበኛችን ረውዳ አብዱሰመድ» አለ፣ «የዱቤ ካርድ ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል።»

እልልታው ከጓዳ ተነስቶ መንገድ ወጣ። ረውዳ ቤዛዊትን አንገቷን አንቃ ሳመቻት፤ ቤዛዊትም መልሳ ሳመቻትና «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለቻት። አንቺ አለቻት፤ አብዲም ሰምቶ በምጣዱ ማንኪያ አጨበጨበላት። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የባጃጁን ሰው ባርኔጣ ደፍቼ ነበር።

ይገረም ከመታጠቢያው የተመለሰው በዚህ መሃል ነው። ተቀመጠ። ወርቁ አልበራም። ዜማውም አልተሰማም።

«ደንበኛችን ይገረም» አለ ጠረጴዛው። «ለሌላ ሰው ለመክፈል የጀመሩበት አንድም ማስረጃ አልተገኘም። ወርቃማ ደረጃዎ እንደገና ይመረመራል።»

«እኔ? እኔ እኮ እጄን ልታጠብ—»

«ታጥበሃል አቦ» አለ አብዲ። «ነጥቷል።»

ለይገረም ማዘን ነበረብን። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቆይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያን ንጹሕ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ወዲያው የአምስት ሰው እጅ መጥቶ አነሳው። ክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው።

«ልቀቁኝ! ልክፈል እንጂ!» አለ።

«በሞቴ አትከፍልም!» አልኩት፣ አፌ ቀድሞኝ።

ያን ዕለት እስኪመሽ ደጋግሞ ሞከረ፤ አንድም ጊዜ አልቀናውም። ሽሚያ የልምድ ነገር ነው፣ ሁላችንም በልጅነታችን ነው የጀመርነው። ተስፋ የቆረጠ መሰለን፤ ሁለት ቀን ያህልም ከፈጢራ ቤቱ ጠፋ።

ረውዳ የተነሳችው ዓርብ ጠዋት ነው። የገብስ ዱቄት፣ ቅቤ፣ አብሽ፣ ለልጁ የሰፋችው ጨርቅ፣ ለአማቿ ደግሞ የጠገነችው ትንሽ ማቀዝቀዣ በባጃጅ ተጭኖ ጣቢያው ደረሰ። የባጃጁ ሰው አላስከፈላትም፤ ተጣሉበት። የባቡሩ በር አዲሱን ካርድ አየና «ዱቤዎ የታመነ ነው» ብሎ ተከፈተ። የቀረው የመሳፈሪያው ክፍያ ነው። ረውዳ ዕቃዋን አውርዳ እጇን ዘረጋች።

ከኋላዋ፣ ከምሰሶው ጥላ ሥር፣ አንድ ንጹሕ እጅ ተወርውሮ ቀደማት።

«ተቀብያለሁ» አለ በሩ።

ይገረም ነበር። ሁለት ቀን የጠፋው ጣቢያው ውስጥ ሲለማመድ ኖሯል። ላቡ በግንባሩ ላይ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ፊቱ ግን ሠርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ አልበራም። እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ የያዘ ይመስል።

«አንተ ሌባ!» ጮኸችበት ረውዳ። «ማን ክፈል አለህ? መልሱ! በሩ፣ መልስለት!» በሩ አይመልስም። ባቡሩ ጮኸ፤ ዕቃዋን አስገባንላት፤ እሷንም እየተሳደበች አስገባናት። ከተንቀሳቀሰ በኋላ በመስኮቱ በኩል ግማሽ አካሏ ወጣ፣ ሻሿ በነፋሱ ይውለበለባል፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ጣቷን ወደ ይገረም ቀስራለች።

«ዕዳ ነው! ሰማህ? ያንተን ሳልከፍል ብቀር ረውዳ አይደለሁም! ወላሂ እመለሳለሁ!»

ይገረም እጁን እያወዛወዘ ከባቡሩ ጋር ሮጠ፤ መድረኩ እስኪያልቅ ድረስ። ዕዳ ያለበት ሰው ይመለሳል የሚሉት፣ ለካ እውነታቸውን ነው።

ሃናን እሁድ ሴት ልጅ ወለደች፤ እናቷ እጇን ይዛት። ረውዳ አራሷን አርባ አስወጥታ ተመለሰች፤ ከጣቢያው ቤቷ ሳትገባ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች በቀጥታ አብዲ ቤት መጣች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችንም። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ በሌላኛው እጇ ይገረምን አንገቱን ያዘችው። እኛም፣ ናፍቀናት ስለነበር፣ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን።